የት ነው የምትቆዪው?

አርድናላ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1974

ለውድ እህቴ ለኢሽበል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ሩዋሪስ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ጉንፋኑም የእኔ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ ነው። እዚህ ለብቻ የሚያዝ ምን ነገር አለ?

ስለ ሐውልቱ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ቆሟል። የእናታችንን ስም ሳይሳሳቱ ጽፈውታል፤ ከሥሩ ግን ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ትተዋል። ጠራቢውን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ "ለእርስዎ ነው ወይዘሪት ዶሊና፤ ኋላ ቦታ እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነው። አመሰገንኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

የመንደሩ ወሬ ያው ነው። የማኅበሩ ሴቶች በመኸር በዓል በኬክ ውድድር ተኳርፈው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግራና ቀኝ ተለያይተው መቀመጥ ጀምረዋል። ዱጋልድ የፖስታውን አውቶቡስ ቦይ ውስጥ ከቶት ነበር። በግ ገብታብኝ ነው ይላል፤ በጓ የራሱ ናት። እንግሊዛዊው ቄስ፣ ቄስ ፔንበርቲ፣ ከደቡብ ከመጡ ወዲህ የመንደሩ ወርኃዊ ወረቀት ሁለት ገጽ ሆኗል። እኛ አሁንም ቅጠሉ ነው የምንለው። ምን እንደሚወጣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ስቴንስሉን፣ ያን የማባዣ ሰም ወረቀት፣ እተይባለሁ፣ አባዛለሁ፣ እንደ አንቺ በባሕር ማዶ ላሉትም ፖስታ ውስጥ ከትቼ እልካለሁ።

ትልቁን ወሬ ወደ ኋላ አስቀረሁት። አቶ ጊልክሪስት ሱቁን ሊተዉ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ልጃቸው ዘንድ ኢንቨርነስ ሊገቡ ነው። ባንኮኒውን የሚረከብ ሰው ካልተገኘ የሱቁ ፖስታ ቤት ይዘጋል። ፖስታ ቤቱ ከተዘጋ አውቶቡሱ አይመጣም። አውቶቡሱ ካልመጣ ወይዘሮ ማርሳሊ ሐኪም ዘንድ በምን ይሄዳሉ? ሰው ሁሉ ይህን እያወራ የሚያየው እኔን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ስላዩኝ ከመደርደሪያው ጋር የተሠራሁ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

"ነገርሻቸው ወይ?" ላልሽኝ፣ አንቺ ዘንድ ልመጣ መሆኔን ገና አልነገርኳቸውም። ዱኒዲን ያገኘሽልኝ የሱፍ ነጋዴዎቹ ቢሮ፣ የሚጠብቀኝ የጽሕፈት መኪና፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል፣ ሁሉም በሆዴ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ የሚይዘኝ የለም፤ አውቃለሁ። ማታ ስተኛ ምን እንደማስብ ልንገርሽ? ያንቺ ከተማ ሱቅ ገብቼ የማያውቀኝ ሰው "ምን ልስጥሽ?" ሲለኝ ነው። በወሩ መጨረሻ በአዳራሹ ስለ ሱቁ ስብሰባ አለ። እዚያ ተነሥቼ እናገራለሁ። ይኸው፣ እንዳላፈገፍግ በጽሑፍ አሰፈርኩልሽ።

እህትሽ ዶሊና

*

ዱኒዲን፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1974

ዶሊና፣

ሰላምታውን ለኋላ እናቆየው። ቅጠሉ ዛሬ ደረሰኝ። ፖስታውን ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት፤ ካንቺ አንዲት መስመር የለችበትም። ይህን ግን አገኘሁ፦

"ወይዘሪት ዶሊና ማክፌይል በአርድናላ እንደሚቆዩ በስብሰባው ላይ በገዛ አንደበታቸው አረጋግጠውልናል። ሱቁንም ይረከባሉ። መላው መንደር ደስታውን በጭብጨባ ገልጿል።"

የተየብሽው አንቺ ነሽ። ያጠፍሽው፣ ፖስታ ውስጥ የከተትሽው፣ ቴምብሩን በምላስሽ ያራስሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ሲንኩ ላይ ቆሜ፣ ልጆቹ ራት ራት እያሉኝ፣ የእህቴን ወሬ ከመንደር ወረቀት ላይ አነበብኩ።

ሩዋሪ ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል፣ ተያት ይለኛል። ቀይረሽ ከሆነ ቀይሪ፤ በሕይወትሽ እኔ አላዝም። አዝዣለሁ ካልሽም ታላቅሽ ስለሆንኩ ነው። አስፈራርተውሽ ከሆነ ግን ንገሪኝ። አቶ ጊልክሪስት አለቀሱብሽ? የእኛ ሰው ሲያለቅስ አንቺ የማትሰጪው ነገር የለም፤ ከሕፃንነትሽ አውቅሻለሁ።

አይ፣ አልተቆጣሁም። ውሸት ነው፤ ተቆጥቻለሁ።

ኢሽበል

*

አርድናላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1974

ውድ እህቴ፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ያስፈራራኝ የለም። ሐሳቤንም አልቀየርኩም። አቶ ጊልክሪስት ግን አልቅሰዋል፤ እሱስ ልክ ነሽ።

የሆነው እንዲህ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጣሪያውም እንደ ልማዱ ያንጠባጥባል። ቄስ ፔንበርቲ ለፖስታ ቤቱ አለቆች የሚላክ ወረቀት ይዘው በየተራ ስምና አድራሻ ይጠይቃሉ። ዱጋልድን የት ነው ቤትህ አሉት፤ ከድልድዩ ማዶ አለ። ወይዘሮ ማርሳሊን ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ቤታቸውን ተናገሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና "እርስዎስ ወይዘሪት ዶሊና፣ እዚሁ አርድናላ ይቆያሉ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እዚሁ ነው የምቆየው" አልኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ልል አፌን ስከፍት ቄሱ ማጨብጨብ ጀመሩ።

አንቺና እኔ፣ ይህም መንደር በሙሉ፣ አፍ ከፈታንበት ቀን ጀምሮ መቆየት የምንለው መኖርን ነው። "የት ነው የምትቆዪው?" ሲሉሽ በጣትሽ በርሽን ትጠቁሚያለሽ እንጂ የዕድሜ ልክ ቃል አትገቢም። ቄሱ ግን የደቡብ ሰው ናቸው። ለእሳቸው መቆየት ማለት አለመሄድ ነው። እኔ አድራሻዬን ተናገርኩ፣ እሳቸው መሐላ ሰሙ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ከዚያ ሁሉ የአገሬ ሰው አንዱ ተነሥቶ ቄሱን ያርማቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሣም። ጭብጨባው እየሰፋ ሄደ፣ አቶ ጊልክሪስት መሐረባቸውን አወጡ፣ ሻይ ተቀዳ። ሻይ ከተቀዳ በኋላ እዚህ አገር የሚነሣ ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ። በማግስቱ ቄሱ ለፖስታ ቤቱ ስልክ ደውለው ጨርሰዋል። ከዚያ ለቅጠሉ አስጻፉኝ፤ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል ተየብኩት። ያንቺን ፖስታ ሳሽግ አንድ ወረቀት ልጨምር ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚያደርጉልኝን ብታዪ! ሴቶቹ ኩርፊያቸውን ትተው በባንኮኒው ብርድ እንዳልጎዳ ጣት አልባ ጓንት ሠርተውልኛል፤ ግራውን አንደኛው ጎራ፣ ቀኙን ሁለተኛው፣ ቀለሙም አይገጥም። ዱጋልድ የሱቁን ሰሌዳ ቀብቶ ስሜን ጻፈበት። "ዶሊና ማክፌይ" ይላል፤ መጨረሻዋን ፊደል ቦታ አንሶት ትቷታል። ቢያንስ አንዷ ፊደል አመለጠች ብዬ ተጽናናሁ። ሰው በክፋት ቢያስሩት ይጮኻል። በደግነት የታሰረ በማን ላይ ይጮኻል? እንዲህ እያልኩ ጠዋት ተነሥቼ ሱቁን እከፍታለሁ።

ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ሁሉም ሰው ቤት ለቤት ሲዞር እናገራለሁ። መጠጥ ባለበት እውነት ይቀላል።

ዶሊና

*

ዱኒዲን፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1974

ዶሊና፣ እህት ዓለም፣

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሩዋሪ ምን ሆንሽ እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ ስለ ጓንቱ ደግሜ ሳነብ አለቀስኩ።

ይህችን ቃል እኔም ከፍዬባታለሁ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ የት ነው የምትኖሪው ስትለኝ "እዚህ ጥግ ላይ ነው የምቆየው" አልኳት። "እስከ መቼ?" አለችኝ፤ እንግዳ መስያት። እዚህ ሰው ዘንድ ቆየሁ ካልሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ የምትመለሺ ጎብኚ ነሽ ማለት ነው። አንድ ቃል ሦስት አገር ላይ ሦስት ነገር ይላል፣ አንቺን ግን አንዱ አገር ላይ ቸነከረሽ።

ሰሞኑን ዓይኔን አሞኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነው፣ መነጽር አዘውልኛል። ስለ ቢሮው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። የሱፍ ነጋዴዎቹ እስከ ማርች መጨረሻ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ክፍልሽን ቀብተነዋል፤ ልጆቹ ቢጫ ካልሆነ ብለው። መስኮቱ ሥር መንገደኛ ሲያልፍ ይሰማል፤ አንዱም ያንቺን ስም አያውቅም።

ሂጂና ቄሱን "ተሳስተዋል" በያቸው። አንዲት ቃል ናት። መንደሩ አብሮሽ ይስቃል፣ ነገሩም ያልቃል።

ኢሽበል

*

አርድናላ፣ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1975

ለእህቴ ለኢሽበል፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ዘንድሮም መጀመሪያ በራችንን የረገጠው ዱጋልድ ነው፤ ጥቁር ፀጉር ስላለው ለዕድል ይበጃል ተብሎ፣ እንደ ልማዱ ከሰሉን ይዞ። በዱላ ኳሱ ጨዋታ የላይኛው ሰፈር የታችኛውን አሸነፈ፣ የቄሱም መነጽር ተሰበረ። ሜዳው ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ማንም አላወቀም።

መንደሩ አብሮሽ ይስቃል ያልሽኝን ይዤ ነበር። መጀመሪያ ለወይዘሮ ማርሳሊ ልንገር አልኩ፤ እናታችን ስትታመም አብረውኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው፣ መንደሩም የሚሰማው እሳቸውን ነው። ኬክ ይዤ ሄድኩ። እሳት ዳር ተቀመጥን።

"ወይዘሮ ማርሳሊ፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ቄሱ ሲጠይቁኝ ቤቴን የጠየቁኝ መስሎኝ ነው" አልኳቸው።

"እናውቃለን" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ልጄ፣ እኔስ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም? እቆያለሁ ስትዪ ቤትሽን እንደተናገርሽ ማን ያጣዋል? ዱጋልድም ገብቶታል። ጊልክሪስትም ገብቶታል፤ ለምን ያለቀሰ መሰለሽ? አፍሮ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

ኬኩን ቆረሱ፤ ፍርፋሪውን ከቀሚሳቸው ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ። "ተመቸን" አሉኝ።

እህት ዓለም፣ አልጮህኩም፣ ሳህንም አልወረወርኩም። ሻዬን ጨርሼ አመስግኜ ወጣሁ። ግን እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ከመናደዴም ይልቅ ያዘንኩት ያመዝናል። እኔ እኮ የተጠመድኩት በአንድ የዋህ እንግሊዛዊ ስሕተት መስሎኝ ነበር፤ ያ ቢሆን ይታረም ነበር። ቄስ ሲሳሳት ይነገረዋል። መንደር አውቆ ሲሳሳት ማን ያርመዋል? በየቀኑ እየመጡ ቴምብር ይገዙኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፣ ዓይኔን እያዩ ሁሉም ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አልተሳሳቱም። እኔ ከሄድኩ አውቶቡሱ በእርግጥ ይቀራል። ወይዘሮ ማርሳሊ በእርግጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አይችሉም። ትናንት በሩን ከውስጥ ቆልፌ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አንዱ ሲያንኳኳ ፊቴን ጠርጌ ከፈትኩለት፤ ክብሪት ፈልጎ ነው።

ስለዚህ ለሱፍ ነጋዴዎቹ ንገሪልኝ፤ ሌላ ሰው ይቅጠሩ። ክፍሉንም ለትልቋ ልጅ ስጪያት። ቢጫ ካልሆነ ያለችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። እኔ እዚሁ ነው የምቆየው። በፈለግሽው ትርጉም ተርጉሚው።

ዶሊና

*

ዱኒዲን፣ ጃኑዋሪ 19 ቀን 1975

ዶሊና፣

ለቢሮው አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ክፍሉንም ለማንም አልሰጥም።

"አንቺስ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ብትዪኝ፣ እኔ አንቺ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን ሳህኑን ወርውሬዋለሁ። ማርሳሊን አልረግማቸውም፤ እናቴን አብረው አስታመዋል። ግን ዝም ብለው ወሰዱሽ። አውቶቡስ የአንድ ሰው ዕድሜ ታስሮበት መሄድ የለበትም። ያ ሁሉ ሰው ባለበት መንደር ቴምብር የሚሸጥ እጅ ያላት አንቺ ብቻ ነሽ?

መንደሩ የሚያምነው በቅጠሉ ላይ የወጣውን ነው። እኔም የአርድናላ ልጅ ነኝ፤ በባሕር ማዶ ወሬ ዓምድ ላይ የመጻፍ መብት አለኝ። ልጅ ስወልድ እንኳ አውጥታችሁልኛል። ለማርች ቅጠል ይህን አውጪልኝ፤ ቃል ሳትጨምሪ፣ ቃል ሳትቀንሺ፦

"ከዱኒዲን። ኢሽበል እንደጻፈችልን፣ እህቷ ዶሊና ከማርች ወር ጀምሮ ዱኒዲን እሷ ዘንድ ትቆያለች።"

እንደኛ አገር ነው የጻፍኩት። የሚገባው ይገባዋል። ቲኬትሽ ለንደን በስምሽ ይጠብቅሻል። ልመና አልለምንሽም። ብትፈልጊ ስቴንስሉ ላይ ዝለዪው፤ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ቅጠሉ ሲደርሰኝ ያ ቦታ ባዶ መሆን አለመሆኑን አያለሁ።

ታላቅሽ፣ ኢሽበል

*

ለንደን፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማርች 11 ቀን 1975

ውድ ኢሽበል፣

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ ነው የሚደርስሽ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን እንደማልናገረው ስላወቅሁ እጄ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ወረቀትሽን ባንኮኒው ሥር ደብቄ ብዙ ከረምኩ። የቅጠሉ ቀን ሲደርስ የዱጋልድን ጠፍታ የተገኘች በግ ተየብኩ፣ የኬኩን ውድድር ተየብኩ፣ ከዚያ ያንቺን። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ቶሎ አወጣሁትና ሳላነብ ለቄስ ፔንበርቲ ወሰድኩላቸው። ልባቸው እንደሚሰበር፣ ከዚያ እንደሚቆጡ፣ ከዚያ መንደሩ እንደሚሰማ እያሰብኩ ፊታቸው ቆምኩ።

ቄሱ አነበቡና ፊታቸው በራ። "እንዴት ደስ ይላል! ከእናትዎ ሕመም በኋላ ዕረፍት ያስፈልግዎት ነበር። እህትዎ ዘንድ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?"

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት።

እኔም ተመቸኝ፣ እህት ዓለም። ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በማርሳሊ ላይ የነበረኝ ንዴትም ግማሹ እዚያው ቀረ። ቄሱ ከሥሩ በእጃቸው ጨመሩበት፦ "ለወይዘሪት ዶሊና መልካም ዕረፍት እንመኛለን። ለጁኑ በዓል ተመልሰው የገመድ ጉተታውን ይዳኙልናል።" ይህንንም ተየብኩት።

ቅጠሉ ወጣ። ትቆያለች የሚለውን መንደሩ ሁሉ አነበበው፤ ከቄሱ በቀር የተሳሳተው አልነበረም። ቴምብር ገዙ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ግን አተያያቸው ተለውጧል። ዱጋልድ አንድ ጠዋት መሰላል ይዞ መጥቶ ያቺን የቀረች ፊደል ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አጣብቆ ጨመራት። ስሜን አሟልቶ ሊሸኘኝ መሆኑ ገባኝ።

ቄሱ ሱቁን እስክመለስ ሴቶቹ በየተራ እንዲይዙት ደለደሉ። ትልቁን የናስ ቁልፍ ግን እኔው እንድይዘው አዘዙ፤ ስመለስ በሩን ራሴ እንድከፍት። የሱቁ ባለቤት ናቸውና ያምርባቸዋል አሉ። በካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። እንዲያ የከበደኝ ነገር የለም።

የሄድኩ ቀን በዝናብ ሁሉም አውቶቡሱ ድረስ መጡ። ቄሱ ጸሎት አደረጉልኝ፣ ሴቶቹ የአምስት ቀን መንገደኛ የማይጨርሰው ኬክ አሸከሙኝ። ወይዘሮ ማርሳሊ መጨረሻ ላይ ቀረቡ። በአንድ እጃቸው አንገቴን አቀፉኝ፤ ሌላው እጃቸው ኪሴ ገብቶ ቁልፉን ሲያወጣው ተሰማኝ።

"ይሄ ሻንጣሽን ያከብደዋል" አሉኝ በጆሮዬ። "ስታወራ የምትውል አሮጊት ናት ትዪኝ የለ? ሱቁን እኔ ልያዘው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ባወራ ምን ይለየዋል።"

ይቅርታ ብጤ ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ ከዚህ የበለጠ ከእሳቸው አይወጣም። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ፈቀቅ ብለው ቆሙና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ዶሊና፣ የት ነው የምትቆዪው?"

ዱጋልድ ሞተሩን አጠፋው። ጃንጥላ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያ አዳራሽ እንደገና የተሰበሰበ መሰለኝ፤ የዛሬው ልዩነቱ የምጠየቀውን ማወቄ ነው።

"ዱኒዲን ነው የምቆየው፣ ወይዘሮ ማርሳሊ" አልኩ።

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው ያሉትም ነቀነቁ። አቶ ጊልክሪስት እንኳ ለዚህ ብለው ከኢንቨርነስ መጥተው ነበር፤ መሐረባቸውን አወጡ፣ ይህን ጊዜ ግን አልሸሸጉትም። ሰው እየቀረበ እጄን ይዞ ይሰናበተኝ ጀመር፤ ጠበቅ አድርገው ነበር የሚይዙት፣ እኛ ቀብር ላይ እንደምንይዘው። ቄስ ፔንበርቲ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ፣ ደስ ብሏቸው፣ አውቶቡሱ ከድልድዩ እስኪያልፍ ድረስ "መልካም ቆይታ! መልካም ቆይታ!" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሰው በጁን የሚጠብቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እህትሽ ዶሊና